ድንጋይ የተማረው ወንድሜ

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት ደረሰው። ወሬውን ከላሊበላ ገበያ ይዞልን የመጣው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። የትምህርቱ ስም መንገድ ላይ ስለጠፋበት «የድንጋይ ትምህርት ነው አሉኝ» ብሎ ነገረን።

አባቴ የሚጠርበውን ሞፈር ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ ቀና አለ።

«ድንጋይ ለማየት ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄደው?»

እናቴ ሳቀች። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከደጃችን እስከ አሸተን ማርያም ተራራ ጫፍ ድረስ ያለው ሁሉ ድንጋይ ነው። ቤታችን ድንጋይ፣ አጥራችን ድንጋይ፣ የምናርሰውም ቢሆን ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል።

ወንድሜ የፈለገው ሕክምና ነበር። ተማሪው በውጤቱና መንግሥት በሚፈልገው የሰው ብዛት ተደልድሎ ስሙ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ፣ እሱም የራሱን ስም ካላሰበው ወረቀት ላይ እንዳገኘው በኋላ ነግሮኛል። የሰፈራችን ሰው ግን ነገሩን እንዲህ አልተረዳውም። መንግሥት እያንዳንዱን ልጅ እንደ ወይፈን አገላብጦ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ለሚሆነው ሥራ የሚመርጠው ይመስለው ነበር። ስለዚህ አባቴ ውሎ አድሮ ነገሩን በክብር ይዞት መጣ። «የላስታ ልጅ ነዋ! ከኛ በላይ ድንጋይ የሚያውቅ ማን አለ? አይተውት ነው የሰጡት» ይል ጀመር።

በዚያ ዘመን ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የማይባል አልነበረም። ሕግ የተማረ ሰው በሙግት አይሸነፍም ይባላል። ከላሊበላ ከተማ አንድ ልጅ ሕግ ገባ ሲባል፣ መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ከታወጀ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌዎች የአያቶቻቸውን የወሰን ክርክር ከተቀበረበት እያወጡ ልጁ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ደጁን ያጣብቡት ነበር። በመጨረሻ ልጁ መምጣቱን ተወ። ፍልስፍና የተማረ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም። ከሁሉ የከፋው ስታቲስቲክስ ነው። እሱን የሚማር ሰው የእናቶችን ልጆች ቆጥሮ ለብሔራዊ ውትድርና የሚያስረክብ ነው ይባል ስለነበር፣ ያ ትምህርት ለልጇ የደረሰባት አንዲት ጎረቤታችን ሰው በጠየቃት ቁጥር «መምህርነት ነው፤ መምህርነት» እያለች ትሸሽ ነበር።

እኔም ከነሱ አልሻልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከወንድሜ አሮጌ መጻሕፍት ላይ ለብቻዬ ለቀምኩት። ግጥም በልቤ እቋጥር ስለነበር፣ ሥነ ጽሑፍ የሚሉት የትምህርት ክፍል ሰው ገብቶ ገጣሚ ሆኖ የሚወጣበት ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ «እዚያ የሚማሩት ሌላ ሰው የጻፈውን እየበለቱ ማየት ነው» ቢለኝ አኮረፍኩት። የነገረኝ እውነቱን ነበር። እውነቱ ግን እኔ የምፈልገው አልነበረም።

በልጉ ቀረ። ሐምሌ መጣና ሰማዩ እንደ ጥር ጠርቶ ቆመ። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ ውሃ መቅዳት የኔ ሥራ ስለነበር እየደረቀ መሆኑን ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እንስራው እስኪሞላ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ተቀምጬ። በኋላ ቅሌን ከአለቱ ስንጥቅ ሥር ደግፌ፣ ጠብታው እስኪጠራቀም ጎኔን አሳርፍ ጀመር። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አይጣሉም ነበር። ለመጣላት የሚሆን ምራቅ አልነበረንም።

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት። ወደ ፍላቂት በሚወስደው የመኪና መንገድ ዳር የእርዳታ እህል ይሰጣል ተባለ፤ ጉልበት ሳለ ወደዚያ መሄድ፣ አለበለዚያ ባለበት መቆየት። እናቴ ለመንገድ የሚሆን ገብስ በአንዲት አቅማዳ ቋጥራ ከጎታው ኋላ አስቀምጣ ነበር። ያን ገብስ ማንም እንዳይነካው አዝዛን ነበር። አባቴን ግን ሁለት ነገር ያዘው። አንደኛው የቀረልን አንድ በሬ ነው። ሌላው ወሬ ነው፤ እርዳታ ጣቢያ የደረሰውን ሰው በመኪና ጭነው ወደማያውቀው ቆላ ለሰፈራ ይወስዱታል የሚል።

«ውሃ ብቻ ብናገኝ በሬውን አቆየው ነበር» ይላል። «በሬ ካለኝ ዝናብ በጣለ ቀን አርሳለሁ። በሬ ከሌለኝ ምን ይዤ ገበሬ ነኝ እላለሁ?»

«እግራችን ሳይከዳን እንሂድ» ትላለች እናቴ። «ለበሬ ብለህ ልጅ ልትቀብር ነው?»

ወንድሜ ለክረምት እረፍት የደረሰው እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ነው። በቦርሳው ውስጥ ትንሽ መዶሻና አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ይዟል። በመጣ ማግስት ከደጃችን አንድ ድንጋይ አንሥቶ ሰበረና ስብራቱን በመስታወቱ አየው። ልማድ ሆኖበት ነው። «ይኸ እሳት ነበር፤ ከመሬት ሆድ ፈልቶ ወጥቶ ነው የቀዘቀዘው» አለኝ። ነገሩ ደስ አለኝ፤ የተሰበረውንም ድንጋይ ያዝኩት። ከአጥሩ ማዶ ግን ሁለት ሴቶች ቆመው አይተውናል። ቀትር ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ «የድንጋይ ሆድ ያያል» ይል ጀመር።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታው ከሊቀመንበሩና ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። መሪጌታው ለደብራችን ዜማ ያስተማሩ፣ ሥር ምሰው ሕመምተኛ የሚያድኑ፣ አባቴ ሳይቀር ቆሞ የሚያናግራቸው ሰው ናቸው። ደጃፋችን ካለው መደብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ውሃው በየት በኩል ነው?» አሉት ወንድሜን።

«የኔታ፣ እኔ የውሃ ነገር አላውቅም። እኛ የተማርነው ድንጋዩ ከምን እንደተሠራና ስሙ ማን እንደሚባል ነው። ያውም ገና አንድ ዓመት።»

«ስሙን ካወቅኸው ሆዱን አታጣውም።»

«ከመሬት በታች ያለ ውሃ ሌላ ትምህርት ነው። መሣሪያ ይፈልጋል። አልደረስንበትም።»

መሪጌታው ፈገግ አሉ። ወደ አባቴ ዞረው «ይኸ ልጅ በእውነት ተምሯል» አሉ።

ወንድሜ ግራ ተጋብቶ አየኝ። እኔ ግን ምን እንዳሉ ገብቶኛል። በኛ አገር ዐዋቂ ሰው ዐውቃለሁ አይልም። መሪጌታው ራሳቸው በሽተኛ መጥቶ ሲለምናቸው መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ «እኔ ምን ዐውቃለሁ» የሚል ነው፤ ሥሩን የሚያወጡት ለማኙ ደጋግሞ ከተመላለሰ በኋላ ነው።

«እኔ የዓይን መድኃኒቱን ከመምህሬ ለማግኘት ስንት ክረምት ደጅ ጠንቻለሁ» አሉ። «እንጨት ለቅሜያለሁ፣ እግር አጥቤያለሁ። በጠየቅኋቸው ቁጥር አላውቅም ይሉኛል። ሥሩ ከትራሳቸው ሥር ሆኖ! የማያውቅ ሰውማ ቶሎ ይናገራል።»

«የኔታ፣ እኔ ግን እውነቴን ነው።»

«እሳቸውም እውነቴን ነው ይሉኝ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ወይስ የመንግሥት ምስጢር ነው? ለበላይ ብቻ ነው የሚነገር?» አለው።

ወንድሜ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሽማግሌም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ያስረዳቸው ሁሉ፣ ስለ መምህሮቹ፣ ስለ ፈተናው፣ ገና ስላልተማረው፣ ሁሉም እንደ ትሕትና ተቆጠረለት። በተናገረ ቁጥር የበለጠ ዐዋቂ እየሆነ ሄደ።

ሲሄዱ ወንድሜ አባቴን «አባዬ፣ እማዬ ያለችው ነው ልኩ። ነገ እንነሣ» አለው።

«ከነገርከን በኋላ» አለ አባቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ ግን ለመቀመጥ አልመጡም። ሽማግሌዎቹ ተከታትለው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ እያንዳንዳቸው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ነው። እኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ የሚለመነው ደም ለማድረቅ ነው፤ ልጁ የተገደለበት አባት ገዳዩን ይቅር እንዲል። ያንን እምቢ ያለ ሰው እሳት የሚያጭርበት ጎረቤት፣ ሬሳውን የሚያነሣለት ቀባሪ አያገኝም። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አባቴ ነበር። ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ለገዛ ልጁ አጎንብሶ፣ በእጆቹ ድንጋዩን ከጎንና ከጎን ይዞ አየሁት።

«አውርዱ! ስለ ማርያም አውርዱት!» ወንድሜ ጮኸ።

«እሺ በለን።»

«የማላውቀውን ምን ብዬ እሺ ልበላችሁ?»

«እሺ በለን።»

እናቴ ከውስጥ ወጣች። ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም። «ልጄ፣ የሌለህን አትስጥ» አለችው።

እሷን ለመስማት ሞክሯል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ግን አባቴ አንድ ጊዜ ተንገዳገደና በጉልበቱ ወረደ። ወንድሜ ሮጦ ድንጋዩን ካንገቱ ላይ አነሣለት። ይዞት ቆመ። በዚያ ሰዓት እንኳ ዓይኑ ሳያስበው የድንጋዩን ቀለምና ቅንጣት ያይ እንደነበር አስተዋልኩ፤ መምህሮቹ እንዳስለመዱት። ከዚያ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

«ምናልባት... ምናልባት ከሰፈሩ ግርጌ ካለችው ሾላ በታች። ቀዩ አፈር ከጥቁሩ አለት የሚገናኝበት ጋ። ምናልባት ነው የምላችሁ።»

እልልታው ምናልባቱን ዋጠው። መሪጌታው ድንጋያቸውን መሬት ላይ አኖሩና «አንቱ ይባረኩ» አሉት። በልጅነቱ በአርጩሜ የገረፉትን ልጅ አንቱ አሉት። ወንድሜ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ተባብሮ ጉድጓዱን እንዲቆፍር ጅጌ ተጠራ። ለጅጌ የወጣ ሰው ደግሞ ሳይበላ አይመለስም፤ በደህናው ዘመን ጠላ ይጠመቃል፣ ያን ጊዜ ግን ከየቤቱ ለመንገድ የተደበቀው እህል ወጣ። አንዱ ሽንብራ፣ አንዱ ጓያ አመጣ። አባቴ የእናቴን አቅማዳ ከጎታው ኋላ ሲጎትት እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየው ነበር። አላለቀሰችም። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ይዛ ወረደች። «ሲያልቅ ደግሞ የሚታይ ይሆናል» አለችኝ መንገድ ላይ።

ሳምንት ሳይሞላ ፍልሰታ ገባ። ወንዶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆፍራሉ፤ ውሃ ጠምቶት ጾሙን የገደፈ አንድም ሰው አላየሁም። ቀዩ አፈር ቶሎ ቶሎ ወረደ። ከሁሉ በላይ የሚቆፍረው ወንድሜ ነበር። ብዕር የለመደ እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እናቴ በጨርቅ ጠቀለለችለት፣ ጨርቁም ደም ለበሰ። ሰዎቹ ይህንን አይተው የበለጠ አመኑት። ውሃ ከሌለማ እሱ ራሱን ለምን ይገድላል?

አንድ ቀን አፈሩ እርጥበት ይዞ ወጣ። ብዙ አይደለም፤ ሲጨብጡት የሚያያዝ ያህል ነው። መሪጌታው ጭብጥ አፈር ወሰዱና ግንባራቸው ላይ አደረጉት፣ ሴቶች እየተቀባበሉ አሸተቱት። እኔም አሸተትኩት። የዝናብ ሽታ ነበረው። የዚያን ቀን ሁለት ቤተሰቦች ጓዛቸውን አህያ ላይ ጭነው ሊሄዱ ሲሉ ወሬውን ሰምተው ጓዛቸውን አወረዱ።

በማግስቱ ጥቁሩን አለት አገኙ። ድጅኖው ሲያርፍበት የሚሰጠው ድምፅ እንደ ደወል ነበር። ወንድሜ ድምፁን እንደሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይበቃል» አላቸው። «ከዚህ በታች ይኸው አለት ነው። ብዙ ነው። ልቀቁት፤ ሰው የሚሄድ ከሆነ አሁን ይሂድ።»

«እየፈተነን ነው» አለ ሊቀመንበሩ ላቡን እየጠረገ።

«አልፈተንኳችሁም! ጌታዬ፣ አልፈተንኳችሁም!»

«አያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉበትን አለት እኛ ጉድጓድ አንምስበትም?»

ወንድሜ የዚያኛው አለት ለስላሳ፣ የሚፈለፈል እንደነበር፣ ይኸኛው ግን ሌላ መሆኑን ሊያስረዳ ጀመረ። ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። እሱ «አቁሙ» ባለ ቁጥር እነሱ ይብሱን መቱት። እሳት ለኩሰው አለቱን አጋሉት፣ ሲሰነጠቅ ፈነቀሉት። ከሥሩ ሌላ አለት አለ። ገብሱ አለቀ። ምንጩ ቆመ። በሬአችን አንድ ከሰዓት በኋላ ተንበርክኮ ቀረ፤ አባቴ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎለት እስኪሞት አብሮት ተቀመጠ። ቁፋሮው እንዲቆም የወሰነ ሰው የለም። ወንዶቹ የቆፈሩትን ከጉድጓዱ አፋፍ በላይ ለመወርወር አቅም አጡ እንጂ።

ያን ጊዜ ተነሣን። ከአንድ ወር በፊት ስንቅ ይዘን በእግራችን ልንወጣው እንችል የነበረውን መንገድ ባዶ አቅማዳ ይዘን፣ እየተቀመጥን ወጣነው። መሪጌታው ታቦቱን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። የምንሄደውን ሁሉ አንድ በአንድ መረቁን። ወንድሜ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አወረዱና ቀጥሎ የቆመውን ሰው መረቁ።

አባቴ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ተቀመጠና አልተነሣም። ከአንድ ጽድ ሥር አጋደምነው። ሰው ሁሉ እየተጎተተ አለፈን፤ ሊቀመንበሩና ጥቂት ወንዶች ብቻ ራቅ ብለው ጠበቁን። እናቴ ውሃ ልትለምን ወደ አንድ ጎጆ ሄዳለች። አባቴ ወንድሜን በዓይኑ ጠራው።

«አሁን ሰው የለም» አለው። «እኔና አንተ ነን። እኅትህም አታወራ። የት ነበር?»

ወንድሜ ቁጭ ብሎ እጁን ያዘው። «አባዬ፣ አላውቅም። ማርያምን፣ አላውቅም። ያን ጊዜም አላውቅም ነበር።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«አስምለውህ ይሆናል» አለ። «የተማረ ሰው መሐላ አለበት። ግድ የለም፤ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ይቅር የምትለኝ ነገር የለም፤ አባዬ ስማኝ...»

«እሱንም ይቅር ብዬሃለሁ።»

እናቴ ውሃውን ይዛ ስትደርስ ሊውጥ አልቻለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

የቀበርነው ከመንገዱ በላይ ባለች፣ ስሟን እንኳ ጠይቀን ባወቅናት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ፍትሐቱን አላሳጠሩም። ወንዶቹ ግን መቆፈሪያ ይዘው ቆመው ቀሩ። ግቢው ድንጋይ ብቻ ይመስላል፣ ክንዳቸው ደግሞ ከሾላዋ ሥር አልቋል። ማንም መጀመር አልፈለገም። ሊቀመንበሩ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«በየት በኩል ይሻላል?»

ሊወጋው ብሎ አይደለም። የምሩን ነበር የሚጠይቀው።

ወንድሜ ግቢውን በዝግታ ዞረው። ተዳፋቱን አየ፣ ጎርፍ በየት በኩል ይወርድ እንደነበር አየ፣ በእግሩ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረገ። ከግንቡ ጥግ፣ የላዩ አፈር ለዘመናት ታጥቦ የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ተንበረከከና መሬቱን በመዳፉ ተጫነው።

«እዚህ» አለ።

ዶማው ያለ ድምፅ ገባ። አፈሩ ልል ነበር፤ እስከ ወገብ ሲወርዱ አንድ ድንጋይ እንኳ አላገኙም። ሊቀመንበሩ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አፈሩን በእጁ አፈሰና አየው። አጠገቡ ላለው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«አላልኳችሁም? ያውቃል።»

ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፣ ዶማውን ከሊቀመንበሩ እጅ ወሰደ፣ የቀረውን ብቻውን ቆፈረው።